ለቤተልሔም የተለቀመ ስንዴ

ስንዴውን የለቀምኩት ጎንደር ፒያሳ፣ ሴት ልጄ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። የነቢያት ጾም ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ደረጃውን ሞቅ ስታደርገው ሰፌዴን ጭኔ ላይ አኑሬ አንዲት አንዲት ፍሬ እያነሳሁ እለቅም ነበር። እንክርዳዱን ለብቻ፣ የተሰበረውን ለብቻ፣ ተሳስቶ የገባውን ገብስ ለብቻ። ባጃጁ እየጮኸ ያልፋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እኔ አቀርቅሬ ስንዴዬን። የሰጠኝ ጠዳ ያለው ወንዱ ልጄ ነው፤ ከራሱ አውድማ የወጣ፣ የዘንድሮ። «ለልደት ነው» ስለው ለዳቦ መስሎት ሌላ አልጠየቀኝም። ሴቷ ግን እናቷን ታውቃለች።

«እማዬ፣ ለዳቦ ይኼን ያህል ይለቀማል? ወፍጮ ቤት አስፈጭልሽ የለ።»

«ይኼ ወፍጮ ቤት አይገባም።»

«ምነው?»

«መገበሪያ ነው።»

መገበሪያ ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ዲያቆናቱ ኅብስቱን የሚጋግሩባት አንዲት ትንሽ ቤት አለች፤ ስሟም ቤተልሔም ነው፣ ጌታ የተወለደባት ከተማ ስም። በእኛ አገር፣ በጃናሞራ፣ መገበሪያ የሚፈጨው በእጅ ወፍጮ ነው። የምትፈጨውም ወይ ለጋ ልጃገረድ ናት፣ ወይ ዓለም በቃኝ ያለች ቆራቢ አሮጊት። መሐል ላይ ያለችው፣ ባል ያላትና የምትወልደው፣ አትፈጭም። ደንቡ ነው።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ መሐል ላይ ነበርኩ።

«ጃናሞራ ልትሄጂ ነው» አለች ልጄ። ጥያቄ አልነበረም። አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ እያየሽ። በዚህ ውርጭ። ጉልበትሽስ?»

«መፍጨት ጉልበት አይፈልግም፤ ወገብ ነው።»

«እሺ ወገብሽስ?»

«ዝም በይ እስቲ፣ የምለቅመውን አጠፋሽብኝ።»

ሳቀች፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም። እግሬ ከቤት አይውልም፤ ይኼን ሁሉም ያውቃል። የልጄ ባል «እማማን ቤት ካገኘኋት ያ ቀን በዓል አይደለም ማለት ነው» እያለ ይቀልድብኛል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ልጆቼም ወደ ከተማ ከወጡ ወዲህ አንድ ቦታ ተቀምጬ አላውቅም። ከአንዱ ንግሥ ወደ ሌላው፣ ከጠዳ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደየገዳሙ። ሰው «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲለኝ «በረከት» እላለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሁሉም እውነት አይደለም። የምፈልገው አንድ ድምፅ ነበር።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ ከደብራችን በታች ነበር። ከቅጽሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ነበሩ፤ ለቤተልሔም የሚፈጩ። ውኃ የምቀዳላቸው እኔ ነበርኩ። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሲያድር፣ ጠዋት እንስራዬን አዝዬ ስወጣ ያ የወፍጮ ድምፅ ከጎጇቸው ይሰማል። የቤታችንን ወፍጮ አይመስልም። የቤታችን ወፍጮ ከእናቴ ወሬ፣ ከዶሮው፣ ከልጁ ልቅሶ ጋር ነው የሚፈጭ። የእሳቸው ብቻውን ነው፤ ሄድ መለስ፣ ሄድ መለስ፣ ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። እንስራውን ሳላወርድ በራቸው ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል» ይሉኛል።

ገብቼ እቀመጣለሁ። አንድ ጊዜ ጣቴን ወደ ዱቄቱ ስሰድ እጄን ያዙኝ። አልመቱኝም። «ይኼ ዱቄት በሰው ምላስ አይቀመስም፣ ልጄ። መጀመሪያ የሚቀምሰው ባለቤቱ ነው» አሉኝ። ከዚያ እጄን ገልብጠው መዳፌን ዓይተው «ሸጋ እጅ አለሽ። ለከርሞ ልደት አንቺ ትፈጪያለሽ፣ እኔ አሳይሻለሁ» አሉ።

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም። ለእናቴ ነገርኩ፣ ለጎረቤት ነገርኩ፣ ሰው ሲያልቅብኝ ለጥጆቹ ነገርኩ።

ልደት አለፈ፣ ጥር ገባ። በጥር ሽማግሌዎች መጡ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተዳርኩ።

ማንም ክፉ አላደረገብኝም። እንደዚያ ነበር የሚደረገው። ባለቤቴም ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ግን በቀጣዩ ልደት በእኔ ቦታ የፈጨችው የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ እኩያዬ። ፊቷን ፈንጣጣ ስለነካው ሽማግሌ አልተላከባትም። እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ከአማቴ ጋር በሴቶቹ በኩል ቆሜያለሁ። ቃጭሉ ተመታ፤ ኅብስቱ በጥላ ተሸፍኖ ከቤተልሔም ወጣ። ሕዝቡ ሁሉ ወደቀ። እኔም ወድቄ ሰገድኩ፤ ስነሳ ፊቴ በእንባ ርሷል። አማቴ ለሴቶቹ «አያችሁ፣ የልጄ ሚስት እግዚአብሔርን መፍራቷ» ስትል ሰማኋት። ኮርታብኝ ነበር። ምን ልበላት?

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ እንደ ሰው ሁሉ ነው። ወለድኩ፣ ቀበርኩ፣ አሳደግሁ። ለቤቱ ፈጨሁ፣ ለደቦ ፈጨሁ፣ ለተዝካር ፈጨሁ። መፍጨት ያስተማረችኝ አማቴ ናት። «ዱቄት መላሙን ዓይን አያውቅም፣ ጣትም ያታልላል። የሚያውቅ ምላስ ነው» ትል ነበር። ቆንጠር ማድረግ፣ ምላስ ላይ ጣል ማድረግ። ከሻከረ ደግሞ መመለስ። ስንት ቁና እንደፈጨሁ እግዜር ይወቀው፤ ሁሉንም ቀምሻለሁ።

አምና ከአገራችን ለሕክምና ጎንደር የመጣ ሰው ልጄ ቤት አደረ። ስለ ደብራችን ስጠይቀው ያቺ እኩያዬ ቆብ ጭና፣ እማሆይ ተብላ፣ ዛሬም የምትፈጭ እሷ መሆኗን ነገረኝ። «ግን ክንዷ ደክሟል። ከእሷ በኋላ ማን እንደሚፈጭ እንጃ። ልጃገረዶቹ ከተማ ገብተዋል» አለ። እኔ ከቆረብኩ ቆይቻለሁ። ባል የለኝም፣ አልወልድም፣ መሐል ላይ አይደለሁም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዘንድሮ ደግሞ ስንዴ ለመንኩ።

ከደረጃው ሥር ባለው ሱቅ ጨርቅ የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። ሙስሊም ናት፤ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ጎንደር ላይ በንግድ የኖሩ ናቸው። አንድ ቀን ስለቅም መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እማማ፣ ዓይንሽ ይጠፋል እኮ።»

«ከጠፋም ለደግ ነገር ይጥፋ።»

ለምን እንደሆነ ነገርኳት። እጇን ወደ ሰፌዱ ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። «ብነካውስ?»

«ስንዴ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል።»

ጎንበስ ብላ አንዲት እንክርዳድ አነሳችና አፍንጫዬ ሥር ይዛ «ይኼውልሽ! ይቺን እያየሽ ልታሳልፊያት ነበር» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ «በምን ትይዢዋለሽ?» አለች። ወንዱ ልጄ የላከበትን የማዳበሪያ ከረጢት አሳየኋት። ሰይጣን ያየች መሰለች። «ኧረ ተዪ! ለመርየም ልጅ በማዳበሪያ ከረጢት!» ሱቋ ገብታ አዲስ ነጭ አቡጀዲ ቆርጣ ይዛልኝ መጣች። ገንዘብ ሳነሳባት ተቆጣችኝ። ከጨርቁ ከረጢት ሰፋሁ፤ የተረፈችውን ቁራጭ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ጨመርኳት፤ ለምን እንደምትሆነኝ ሳላውቅ።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል ልጄ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ጋቢዋን አውልቃ በጋቢዬ ላይ ደረበችልኝ። «በልደት ማግሥት ተመለሺ፤ በእመቤቴ» አለችኝ። እሺ፣ ጋቢሽንም እመልሳለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኳት።

ከደባርቅ ወዲያ መኪናው ስሜንን ሲወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ከረጢቴን ጭኔ ላይ አቅፌያለሁ። ረዳቱ «እማማ፣ ዕቃውን ጣሪያ ላይ ላድርገው» አለኝ።

«ጣሪያ አይወጣም።»

«ምነው፣ ሕፃን ነው እንዴ?»

«ቤተልሔም ነው የሚሄድ።»

«እንግዲያ መንገዱ ተሳስቷል፤ እኛ መካነ ብርሃን ነን!» አለ። መኪናው በሳቅ ተሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን በየኬላው ሰው ሲወርድ ሲወጣ «ቀስ፣ የእማማን ስንዴ እንዳትረግጡ» የሚል እሱ ነበር።

ከመካነ ብርሃን በበቅሎም በእግርም ሆኜ ደብራችን ስደርስ ልደት ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ያቺ ጎጆ አለች። ሣሯ ተቀይሯል እንጂ እሷው ናት። በሯ ላይ አንዲት መነኩሲት ፀሐይ ትሞቃለች፤ ፊቷ ላይ የፈንጣጣው ጠባሳና የእርጅናው መጨማደድ ተደባልቀው አንዱ ካንዱ አይለይም።

«ማን ናት?» አለች፣ ዓይኗን በእጇ ከልላ።

«ያቺ ለባል የሄደችው።»

«ውይ! አሁን ነው የምትመጪው? እኔ እኮ ቦታዬን ጠብቂልኝ ያልሽኝ ለአንድ ዓመት መስሎኝ!» አለችና ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን፣ ደግሞ አለቀስን።

ያን ምሽት እኔ ስለ ወፍጮው ልጠይቃት እሻለሁ፤ እሷ የምትጠይቀኝ ስለ ልጆቼ ነው። የመጀመሪያው ማንን ይመስላል? ሁለተኛዋ ስትወለድ አስጨነቀችሽ? የሞተውስ ምን ሆኖ ሞተ? አንድ በአንድ አስቆጠረችኝ። ያልወለደቻቸውን ልጆች ስም ከእኔ ቀድማ ትጠራ ጀመር።

«በየልደቱ ኅብስቱ ሲወጣ ደስ ይለኛል፤ በእጄ ያለፈ ነውና» አለች። «ግን ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ሲሰግዱ አያለሁ። ልጁ ተኝቷል፣ እናቲቱ ስትሰግድ አይወድቅም። አንቺ፣ እስቲ ንገሪኝ፣ የተኛ ልጅ ጀርባ ላይ እንዴት ነው የሚከብድ?»

«እንደ ስንዴ ስልቻ ነው» አልኳት። «ግን ይሞቃል።»

ራሷን ነቀነቀች።

ለምን እንደመጣሁ የነገርኳት በማግሥቱ ጠዋት ነው። ከረጢቱን ፈታ ስንዴውን በመዳፏ አፍሳ ወደ ብርሃን ያዘችው። «እንዲህ ተለቅሞ የመጣ አይቼ አላውቅም» አለች። አብረን ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድን፤ የደብሩን አገልግሎትና ንብረት የሚጠብቁት ቄስ ናቸው፣ በልጅነታቸው የማውቃቸው፣ አፍንጫቸውን የጠረግሁላቸው። መቁረቤን ጠየቁ፣ የነፍስ አባቴን ጠየቁ። ከዚያ «እማሆይ ከፈቀደች ቦታው የእሷ ነው» አሉ።

«የእሷ ነው እንጂ» አለች እማሆይ። «እኔ ተውሼው ነበር።»

ገላዬን ታጥቤ፣ የታጠበ ልብስ ለብሼ ወፍጮው ፊት ተንበረከክሁ። እማሆይ መጀመሪያ አሳየችኝ። ከአንገቷ ላይ ያለችውን ነጭ ጨርቅ አንስታ አፏን አሰረች፣ ጥቂት ሄድ መለስ አደረገችና ጨርቁን ፈትታ ተነሳች። ከብናኙ ሳል እንዳይዛት መሰለኝ፤ ሳል ነበረባት። የቅዳሴው ደወል ሲደወል «በይ እንግዲህ፣ አንቺና እሱ» ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

መጁን ያዝኩ። ድንጋዩ በእሷ እጅና ከእሷ በፊት በነበሩት እጅ ተበልቶ መዳፌን ጠብቆ የተቀመጠ ይመስላል። ገፋሁት። ያ ድምፅ መጣ። ሄድ መለስ። ውጭ ማንም የለም፣ ሁሉ ቅዳሴ ገብቷል። በዚያ በር ላይ እንስራ አዝላ የቆመች ልጅ ያለች መሰለኝ፤ ዞሬ አላየኋትም። ወገቤ አላመመኝም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የምለምነውን ሁሉ አስቤ መጥቼ ነበር፤ ለልጆቼ፣ ለአገሩ ሰላም፣ ለሞቱት። አንዱም ትዝ አላለኝ። ደስ ብሎኝ ብቻ ፈጨሁ።

ዱቄቱ ከወፍጮው ጫፍ ላይ ተከመረ። ነጭ፣ ለስላሳ። እጄ በራሱ ሄደ። ቆንጠር አደረግሁ፣ አሸሁት፣ ምላሴ ላይ ጣል አደረግሁት።

እውነቱን ልናገርና እንደዚያ የሚጣፍጥ ዱቄት ቀምሼ አላውቅም። ልሟል አልኩ በልቤ። ልሟል ካልኩ በኋላ ነው ያደረግሁትን ያወቅሁ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ያየኝ የለም። ዶሮ እንኳ አልነበረም። ከረጢቱን አየሁ፣ ዱቄቱን አየሁ። ምላሴ ላይ ያለው ሟምቶ አልቋል፤ ልትፋው እንኳ አልቻልኩም። እማሆይ ከቅዳሴ እስክትመለስ ድረስ ከተንበረከክሁበት አልተነሳሁም።

«ጨረስሽ?» አለች ከበሩ።

«ቀመስኩት።»

«ምኑን?»

«ዱቄቱን። እንደ ቤቴ ዱቄት ቀመስኩት።»

መደቡ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የአንገቷን ጨርቅ በጣቷ ይዛ «ይኼ ለምን ይመስልሻል?» አለችኝ። «እኔም እጄ ወደ አፌ ሲሄድ አሮጊቷ ናቸው ያሰሩልኝ። ሴት ፈጭታ ሳትቀምስ አትችልም፤ አፍሽን እሰሪው አሉኝ። ለአንቺም ሊያሳዩሽ ነበር። ቀድመሽ ተዳርሽ።»

ገበዙ መጡ። ዱቄቱን ቆመው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ እሳቸውም አዝነዋል። «እናቴ፣ ይኼ ለመሥዋዕት አይሆንም። ሰው ቀደመው። ለእንግዶች ዳቦ ይሁን» አሉ።

«ሌላ ስንዴ ልልቀም፣ ልፍጭ...»

«ልደት ነገ ማታ ይገባል። እጅሽ ደግሞ መቅመስ ለምዷል። ተለቅሞ የተቀመጠ ጥቂት አለ፤ የዘንድሮውን እማሆይ ትፍጨው።»

እሷም አፏን አስራ ተንበረከከች። እንስራዋን ይዤ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። ስመለስ እንስራውን አላወረድኩም፤ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ክንዷ ደክሟልና ድምፁ እየቆየ ነበር የሚመጣው። ሄድ... መለስ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት፣ ዛሬም ከውጭ ሆኜ። የጎንደሩን ደረጃ አሰብኩ፣ የጠዳውን አውድማ፣ የዚያችን የጨርቅ ነጋዴ ጣት። ይዤ የመጣሁት ይህን ስንዴ ነበር፤ እሱም በምላሴ ሄደ። ከእንግዲህ ለሚወለደው ሕፃን የምሰጠው ምን ቀረኝ? እንስራው ከብዶኝ ሳወርደው አንድ መልስ መጣልኝ፤ ግን ፈራሁት።

በልደት ሌሊት ማኅሌቱ ተቆመ፣ ቅዳሴ ተገባ። ሙሽራ ሆኜ የቆምኩባት ቦታ ቆምኩ። ቃጭሉ ሲመታ ኅብስቱ በጥላ ተሸፍኖ ከቤተልሔም ወጣ። የእማሆይ እጅ ያለበት እንጂ የእኔ የሌለበት። ሕዝቡ ወደቀ፣ እኔም ወደቅሁ። በዚህኛው ጊዜ ጠጉሬ ሸብቷል፤ እንባው ግን ያው እንባ ነው፤ አልሸበተም። «ከርሞ» አልኩ ግንባሬ መሬቱን ነክቶ። «ከርሞ ካደረስከኝ።» ይኼን ብዬ ስነሳ ያ የፈራሁት መልስ አብሮኝ ተነሳ።

ሲነጋ ከሩቅ ለመጣው ሰው ዳቦው ተቆረሰ፤ ከእኔ ስንዴ የተጋገረው። የምቆርስ እኔ ነበርኩ። አንዲት ልጅ እግር እናት ልጇን አዝላ፣ በአንድ እጇ ዳቦ በሌላው ጧፍ ይዛ ትታገላለች። እማሆይ ጠጋ ብላ «ልጁን እስኪ ለኔ፤ አንቺ ብዪ» አለቻት። አሳዘልናት። ልጁ እንቅልፉን አልፈታም። እማሆይ ጎንበስ እንዳለች ሳትንቀሳቀስ ቆየች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ይሞቃል።»

ዳቦውን አጎረስኳት። አላምጣ «ጨው ጎድሎታል» አለች። «አሁንማ መቅመስ ነበረብሽ!»

በዙሪያችን ያሉት ለምን እንደምንስቅ አልገባቸውም።

በማግሥቱ ሰው ተበተነ። ሜዳው ላይ ልጆቹ የገና ጨዋታቸውን እየተጯጯሁ ይጫወታሉ፤ ከጎንደር ለበዓሉ የመጡት ለመንገድ በቅሎ ይጭናሉ። ቦርሳዬን አንስቼ ስልኩ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጣሁና ለልጄ ደወልኩ።

«እንኳን አደረሰሽ እማዬ! ፈጨሽ?»

«ፈጨሁ። ግን ቀመስኩት።»

ነገርኳት። ልትስቅ ጀምራ አቆመች። «ታዲያ መቼ ትመጫለሽ? ነገ?»

«ከርሞ።»

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይነፋል። «እማዬ? አልሰማሁሽም።»

«ከርሞ፣ ልጄ። ልደት ሲያልፍ። እማሆይ ክንዷ ደክሟል፤ ውኃ የሚቀዳላትም የለ። እኔም አፌን መዝጋት ልማር።»

«አንቺ? አንቺ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ልትቀመጪ? ለፋሲካ ሳትነሺ፣ ለጥምቀት ጎንደር ሳትመጪ? የልጆቹን ፊት ሳታዪ?»

እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። ስንዴው ከሰው የተሰጠኝ ነው፣ ጨርቁም ከሰው። የራሴ የነበረው እግሬ ብቻ ነበር፤ በፈለግሁ ጊዜ ተነስቶ የሚወስደኝ፣ የልጅ ልጆቼ በር ላይ የሚያደርሰኝ። ሌላ የምሰጠው የለኝም።

«እነሱን ይዘሽልኝ ነይ» አልኳት። «መንገዱ ሲከፈት። ሲዘጋም ድምፃችሁን አሰሙኝ።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት፤ «ጋቢዬን ግን እመልሳለሁ ብለሽ ነበር» አለች። «ከርሞ» አልኳት፤ ይኼኔ ሳቀች።

በቅሎዎቹ ቁልቁለቱን ሲወርዱ እስኪጠፉ ቆሜ አየኋቸው። ጉልበቴ ሊከተላቸው ፈለገ። ተመለስኩ።

ዛሬ ለራሳችን የሚሆን ገብስ ነው የምፈጨው፣ በሌላው ወፍጮ። ከቦርሳዬ ያቺን የአቡጀዲ ቁራጭ አውጥቼ አፌን አስሬያለሁ። በመስኮቷ ቀዳዳ ቤተልሔም ትታየኛለች፤ በሯ ተዘግቷል፣ ጣሪያዋ ላይ ውርጭ አለ። ዓመት እንደኔ ላለች ረጅም ነው፤ እንደምደርስ አላውቅም። እጄ ወደ አፌ ይሄዳል፣ ጨርቁን ያገኛል፣ ይመለሳል። እማሆይ ከመደቡ ላይ ሆና ዱቄቱን በጣቷ አሸት አደረገችው።

«ይሻክራል» አለች። «ድገሚው።»

ጎንበስ ብዬ ደገምኩት።